በአንቺ ልክ የታዘዘች ሳይክል

ውድ እታለም፣

ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ልማዱ «ከናፍቆትሽ በስተቀር» ማለት ነበር፤ ሐኪሙ ግን ያየልኝ ጉልበቴን ብቻ ነው።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አለፈ። «ሱቁን ዝጊና ነይ፤ ከእኛ ጋር ኑሪ። ክፍልሽ ተዘጋጅቷል፣ መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው፣ ልጄ መጋረጃውን ሳይቀር ሰቅላለች። እስከ ወሩ መጨረሻ ቁርጡን አሳውቂኝ» ብለሻል። ለልብስ ሰፊ «ቁርጡን» ብሎ መጻፍ ደግ አይደለም። መቀስ ከማንሳቴ በፊት ሁለቴ እንድለካ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፤ እኔም ዝም ያልኩት እየለካሁ ስለነበር ነው። የለካሁት ግን በተሳሳተ ልክ ነበር። ዛሬ የተቀመጥኩት ይህንኑ ልነግርሽ ነው። አትሳቂ፤ ወይም ሳቂ፣ ግን ለልጅሽ አትንገሪያት።

ነገሩ የጀመረው ሐኪሙ ዘንድ ነው። ወጣት ነው፤ ሲናገር የሚያየው ሰውን ሳይሆን ራጁን ነው። የጉልበቴን ራጅ ወደ መስኮቱ አንስቶ፣ ጨርቁ ሳስቶ እንደሆነ እንደሚያጣራ ገዢ ብርሃን አሳየውና፣

«ጉልበትዎ አልቋል» አለኝ።

«የትኛው?»

«የቀኙ።»

እኔ የጠየቅሁት ስለ ትርጉሙ ነበር። እሱ ግን ቀጠለ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ዳገት በእግር መውጣት የለም። ሳይክል ቢነዱ ግን ጥሩ ነው፤ ሳይክል ጉልበት ላይ አይጫንም።»

ቤታችን ከዳገቱ ሥር፣ ሱቃችን ከዳገቱ አናት። አባታችን ሁለቱን የመረጠው «ዳገት ሰውን ያጠነክራል» ብሎ ነበር፤ እሱ ራሱ ይሠራ የነበረው ሜዳ ላይ ነው። አውቶቡሱም ዳገታችንን ልክ እንዳንቺ ከአራት ዓመት በፊት ትቶታል። ስለዚህ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ፦ ዳገቱን የምወጣበት መላ ካገኘሁ እቀራለሁ፣ ካላገኘሁ ወደ አንቺ እመጣለሁ። ሕጉ ደስ አለኝ። የሚወስነው እኔ ሳልሆን መንገዱ ነዋ። እስከዚያው ግን ሐኪሙን ሳልሰማ፣ እያነከስኩ በእግሬ እወጣ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከተማው ሁሉ መንኮራኩር ሆነብኝ። ከስፌት መኪናዬ ቀና ባልኩ ቁጥር ሴቶች በመስኮቱ እየተንሳፈፉ ያልፋሉ። ድሮም ያልፉ ይሆናል፤ እኔ የሰው ልብስ እንጂ የሰው አካሄድ አላይም ነበር። አንዷን መቼም አልረሳትም። ማለዳ ነው፣ ጉሙ ገና ከዳገቱ ወገብ አልተነሳም። ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ መብራት ወጣ፣ ቀጥሎ ዳቦ የሞላበት ቅርጫት፣ ቀጥሎ ሴትዮዋ። ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ ፎቶ ለመነሳት እንደተቀመጠ ሰው ቀጥ ብላለች። እግሯ ይዞራል፤ ግን ሐሳብ ሲዞር እንጂ ጉልበት ሲሠራ አይመስልም። ዳገቱ ራሱ ጎንበስ ብሎ ያሳለፋት መሰለኝ። ንብ ከሩቅ እንደምታሰማው ያለ ድምፅ ብቻ ከኋላዋ ቀረ። እጄ ላይ የነበረውን እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁት።

ምሳ ሰዓት ላይ ሳይክል ቤት ደወልኩ። ከቤታችን ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ፣ ድሮ ማተሚያ ቤት በነበረበት፣ አንዲት ሴት ሳይክል ትሸጣለች፣ ትጠግናለች። ሰፈሩ «ብሎን» ይላታል፤ አጭርና ጠንካራ ስለሆነች፣ ደግሞም አንዴ ከጠበቀች ስለማትላላ።

«የሴት የኤሌክትሪክ ሳይክል እፈልጋለሁ። እግር ሰቅለው የማይሻገሩትን ዓይነት» አልኳት።

«ወገቡ ዝቅ ያለውን ነው የሚሉት። አለ። ይምጡና ልለካዎት።»

«ልጄ፣ እኔ እኮ ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«እሺ፤ እና?»

«ልኬን አውቀዋለሁ።»

«ይህን ቤት የተመላሽ ሳይክል መጋዘን ያደረገብኝ ልኬን አውቀዋለሁ የሚል ሰው ነው» አለች። ቢሆንም እስክሪብቶ ስታነሳ ሰማሁ።

የልኬት ደብተራችንን ገለጥኩ። ደንበኞቻችን ዛሬም አንቺ ባወጣሽላቸው ቅጽል ነው ያሉት፦ «ጋሽ እጥፋት»፣ «ግራ ትከሻዋ»፣ «ሙሽራዋ (ሦስተኛ ጊዜ)»። በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ «እኔ» ይላል። ቁመት አንድ ሜትር ከስድሳ ሰባት፣ የእግር ውስጥ ልክ ሰባ ዘጠኝ። እንደ ንግሥት የትውልድ ሐረግ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት።

ሳይክሏ እስክትመጣ አሥር ቀን ፈጀ። በእነዚያ ቀናት ከምሳ በኋላ በጨርቁ ክምር ላይ ጋደም ስል አንድ ሕልም እየተመላለሰ ያየኝ ነበር፤ እኔ አየሁት ለማለት ይከብደኛል። የተሰቀሉት ቀሚሶች አንድ በአንድ ከመስቀያቸው ይወርዱና፣ ባዶ እጅጌያቸውን መሪው ላይ አድርገው፣ በበሩ እየተንሳፈፉ ይወጣሉ። ተራቸውን ጠብቀው ነው፤ ቀጠሮ የደረሰባቸው ቀድመው። እኔም የራሴን ቀሚስ እፈልጋለሁ። መስቀያው ሁሉ ባዶ ነው፣ የእኔ ግን አልወጣም፣ አልቀረምም። ስነቃ ጉንጬ ላይ የጨርቁ ጥለት ታትሞ አገኘዋለሁ።

ሳይክሏ ደረሰች። እታለም፣ ምን ዓይነት ቆንጆ ነበረች መሰለሽ! ቀለሟ ዝናብ ካባራ በኋላ መንገድ ዳር እንደሚቀር ውሃ ነው፤ ግራጫ ነው ስትይ ሰማይ ይሆናል። ወገቧ እንደ ጀልባ ዝቅ ያለ ነው። ቀሚሴን እንኳ ሳልሰበስብ፣ ሰው ቤት እንደሚገባ አንድ እግሬን አሳልፌ ቆምኩ። እዚህ ድረስ ሁሉ ደህና ነበር። ከዚያ ተቀመጥኩ።

እግሬ መሬት አጣ። ብሎን ኮርቻውን ዝቅ አደረገችው፣ ደግማ ዝቅ አደረገችው፣ መጨረሻው ደረሰ፤ እኔ አሁንም በጣቶቼ ጫፍ ነኝ። መሪውን ስይዝ ከሩቅ ዘመድ ጋር እንደምጨባበጥ ተለጠጥኩ። ፍሬኑን ጣቶቼ አልደረሱበትም። ከዚያም በዝግታ፣ በሕልም እንደሚወድቁት፣ ወደ ግራ ማዘንበል ጀመርኩ። ሃያ አምስት ኪሎ ብረት አብሮኝ አዘነበለ። ብሎን ሁለታችንንም በአንድ እጇ ያዘችን።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህችን ሳይክል ያዘዘችው ሴትዮ የት አለች?»

«እኔ ነኝ።»

«እርስዎ አይደሉም። እሷ ረጅም ናት።»

ደብተሩን ከቦርሳዬ አውጥቼ ገጹን አሳየኋት፤ ይኸው ብዬ፣ «እኔ»፣ በቀለም ተጽፎ። ብሎን ደብተሩን ሳይሆን እኔን እያየች፣

«የማን እጅ ጽሕፈት ነው?» አለችኝ።

ያኔ ነው ያየሁት። ቀለበቷን ሳትዘጊ የምትተዪያት «ኔ» የአንቺ ናት። ደብተሩን የጀመርሽው አንቺ፣ የመጀመሪያውን ልክ የጻፍሽው አንቺ፣ «እኔ» ያልሽውም አንቺ። ይህ ቃል እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ማንም ቢያነበው የራሱ ይመስለዋል።

እንዴት አላወቅሽም ትይኛለሽ፤ ብሎንም ብላኛለች። ለራሴ ልብስ ሰፍቼ አላውቅም እኮ። ዕድሜዬን ሙሉ የለበስኩት ያንቺን እያሳጠርኩ ነው። ከጫፉ ሰባት፣ ስምንት ሴንቲ እያጠፍኩ ስሰፋ፣ ቀሚሱ ረዘመ እንጂ እኔ አጠርኩ ብዬ አስቤ አላውቅም። ሰው ስለ ቁመቱ አያስብም፤ መደርደሪያው ሩቅ ነው ብሎ ነው የሚያስበው።

የአባታችን ሳይክል ትዝ ይልሻል? ያ አግዳሚ ብረት ያለው። ቀሚስሽን ጉያሽ ሥር ሸጉጠሽ፣ አንድ እግርሽን በብረቱ ሥር አሾልከሽ፣ እንደ ጎበጠ መርፌ ተጣምመሽ ትነጂ ነበር። እኔ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ላይ። ወንዙንም፣ ድልድዩንም፣ የጎረቤቱን ውሻም ያየሁት በጀርባሽ ግራና ቀኝ ነው። «ምን ይታይሻል?» ስትይኝ «አንቺ» እልሽ ነበር። ታዲያ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ «እኔ» የሚል ጽሑፍ አይቼ አንቺን ራሴ ባደርግሽ ምን ይገርማል?

እዚህ ከደረስኩ አይቀር አንድ ሌላም ልናገር። የሄድሽበት ሰሞን፣ እዚሁ ሱቅ ውስጥ፣ «ልጄ ነይ እያለችኝ ነው። ምን ትያለሽ? ልሂድ?» አልሽኝ። የሙሽራዋን ቀሚስ ጫፍ እየያዝኩ ነበር፤ አፌ እስፒል ሞልቶታል። እስፒል በአፍ ይዞ «እህም» ማለት ይቻላል፤ «አይ» ለማለት ግን አፍ መክፈት ያስፈልጋል። «እህም» አልኩ። አንቺም ተመርቀሽ እንደተሸኘሽ ቆጥረሽ፣ ግንባሬን ስመሽ ወጣሽ። እስፒሎቹን አንድ በአንድ አውጥቼ ስጨርስ ደረጃውን ወርደሽ ነበር። ከኋላሽ መሮጥ እችል ነበር፤ ያኔ ጉልበቴ አላለቀም። አልሮጥኩም። በሰላም ተለያየን፣ በየበዓሉ ተደዋወልን፣ ማንም አልተጣላም። ተጣልተን ቢሆን ኖሮ አስታራቂ ይመጣልን ነበር።

ወደ ሳይክሉ ልመለስ፤ እሱ ይቀላል።

ብሎን ጫማዬን አስወልቃ ከግድግዳው አስጠጋችኝ። ከመደርደሪያ ማተሚያ ቤቱ ጥሎት የሄደውን ወፍራም መዝገበ ቃላት አወረደችና በእግሮቼ መሐል እንድይዘው አደረገች።

«ወደ ላይ ጠበቅ ያድርጉት። ኮርቻ ነው ብለው ያስቡ።»

«መዝገበ ቃላት ነው።»

«ለጊዜው ኮርቻ ነው።»

ከሀ እስከ ፐ ያለውን ቃል በሙሉ በጭኖቼ መሐል ይዤ ቆምኩ። ብሎን ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጋ በሜትሯ ለካች።

«ሰባ ሁለት።»

«ሰባ ዘጠኝ ነው።»

«እትዬ፣ ግድግዳ አይዋሽም።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና፣ «አይዞሽ» አለችኝ። የሰውን እግር ከውስጥ ከለኩ በኋላ «እርስዎ» ማለት እንደሚያስቸግር ከሥራዬ ስለማውቅ «አንቺ» ማለቷን አልተቀየምኩም።

ቀጥሎ ካርቶን ላይ አስቀመጠችኝና ስነሳ የቀሩትን ሁለት ጉድጓዶች ርቀት ለካች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዳሌ የለካሁ ሰው፣ ሰው የሚቀመጠው በሁለት ትንንሽ አጥንቶች ላይ መሆኑን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ትከሻዬን ለካች፣ ከአውራ ጣቴ እስከ መካከለኛው ጣቴ ለካች። እንዲህ አድርጎ የለካኝ ሰው ትዝ አይለኝም። ደንገጥ ብዬ ነበር፤ ደግሞ ውስጤ ለስላሳ ሆነ፣ ሰው ፀጉሩን ሲያበጥሩለት እንደሚሆነው። የማተሚያ ቤቱ ከፍ ያሉ መስኮቶች ብርሃኑን በዝግታ ያፈሱ ነበር፤ ከጣሪያው የተንጠለጠሉት ጎማዎች ነፋስ ሳይኖር በጥቂቱ ይዞራሉ። እዚያው ብተኛ ደስ ባለኝ።

«ያቺን ዝናብ የመሰለችውን ማሳጠር አይቻልም?» አልኳት።

«ብረት ናት፤ አትታጠፍም።»

«ትንሽ ትርፍ ቢኖራት ምን ይላል? እኛ ሁልጊዜ ትርፍ እንተዋለን።»

«ለልጅ ትርፍ ይተዋል፤ ያድጋል ተብሎ። አንቺ አታድጊም።»

«ይህን በደግ ቃል ማለት ይቻል ነበር።»

«ልታጥሪ ትችያለሽ፤ ይሻላል?» ብላ ከጀርባ ሌላ አመጣች። «ስሚኝ። ስትቆሚ እግርሽ መሬት ካልያዘ፣ የምትነዳው ሳይክሏ እንጂ አንቺ አይደለሽም። ተረከዝሽን የታችኛው ፔዳል ላይ ስታደርጊ ጉልበትሽ ቀጥ ይበል፤ በእግርሽ መዳፍ ስትረግጪ በጥቂቱ ይታጠፍ። ክርንሽ ይላላ። ፍሬኑን ሳትንጠራሪ ያዢው። ሌላው ሁሉ ቀለም ነው።»

ሌላው ሁሉ ቀለም ነው ያለችው አውቃ ነው። ሁለተኛዋ ሳይክል የትምህርት ቤት ግድግዳ አረንጓዴ ነበረች። እንደ ጀልባ ሳይሆን እንደ ወንበር ነበረች። በግራዬ ውቧ ቆማለች፤ በደብተር የተጻፈች፣ ለረጅም ሴት የተሠራች፣ የወደድኳት። በቀኜ አረንጓዴዋ። ብዙ ቆምኩ። ብሎን ጨርቅ አንስታ የማይጸዳ ነገር ማጽዳት ጀመረች፤ ይህም ከሰው የማይጠበቅ ጨዋነት ነው። በመጨረሻ አረንጓዴዋ ላይ ወጣሁ።

ሁለቱም እግሮቼ መሬት ነበሩ። ያን ያህል ነው። ለቅሶ የሚያመጣ ነገር አይደለም፤ ግን አመጣ።

«መጀመሪያ በዝግተኛው አድርጊው» አለች ብሎን ወደ ሌላ እያየች። «ስትረግጪ ጉልበቱን እሷ ትጨምርልሻለች።»

ጉልበት ከባትሪ ጋር የሚሸጥ ከሆነ ሐኪሙ ያን ያህል ፊቱን ማጥቆር አልነበረበትም።

ለሦስት ቀን ከሳይክል ቤቱ ጀርባ ባለው ጭር ያለ መንገድ ተለማመድኩ። ሐምራዊ አበባ የሚያራግፉ ዛፎች አሉ፤ መሬቱ ሐምራዊ ነው፣ አየሩም ሐምራዊ ነው። አንድ ጊዜ ረገጥኩ፣ የሆነ እጅ ከወገቤ ገፋ አደረገኝ። ዘወር አልኩ፤ ማንም የለም። የሰዎች አጥር፣ የሰዎች መስኮት፣ የተሰጣ አንሶላ፣ ሁሉም ወደ እኔ መጥተው ጎን ለጎን ይከፈታሉ። ከፊቴ ምንም አልነበረም። እንዲህ ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ዛሬ ማለዳ ዳገቱን ወጣሁ። ጉም ነበር። ከጉሙ ውስጥ ምን እንደሚወጣ ለሚያይ ሰው ዛሬ የወጣሁት እኔ ነኝ። ግማሽ ላይ ጋሽ እጥፋት ዱላውን ይዞ ቆሟል።

«አንቺ! ያቺ ልብስ ሰፊ ነሽ ወይስ መንፈሷ?»

«መንፈስ ባትሪ አይፈልግም፣ ጋሼ።»

«ሱሪዬስ?»

«ማክሰኞ።»

«ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው!»

«የሚመጣውን ነው።»

«በሞተር እየሄደች ቀጠሮ የምታሳልፍ!» እያለ ድምፁ ከኋላዬ በጉሙ ውስጥ እየራቀ ቀረ። መልስ ልሰጠው ስል እላይ ደርሻለሁ።

በሱቁ በር ላይ ትንፋሼ ከእኔ ጋር ነበር። ገብቼ ተቀመጥኩና ሕጌ እስኪፈጸም ጠበቅሁ፤ ዳገቱን ከወጣሁ እቀራለሁ ብዬ የለ? ወጣሁ። ነገር ግን ዳገቱ ምንም አልወሰነልኝም። ሳይክል ባይኖር እየዳህኩ እመጣ እንደነበር እዚያው ተቀምጬ ገባኝ። ይህን ሥራ እወደዋለሁ። የሰውን ልብስ ጫፍ ይዤ ቀስ ብዬ መስፋቱን፣ ከመስኮቱ ጎን መሆኑን፣ እወደዋለሁ። ያንቺን ክፍል ያልፈለግሁት ጉልበቴ ስለተሻለው አይደለም፤ ስላልፈለግሁ ነው። ይህን አጭር ነገር ለመናገር ያን ሁሉ ብረት መግዛት ነበረብኝ።

እንግዲህ ቁርጡ ይኸው፦ ሱቁን አልዘጋም። ለመኖር አልመጣም። ብትቀየሚ መብትሽ ነው፤ እኔም እቀየም ነበር።

ግን በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ፣ ልጠይቅሽ እመጣለሁ። ቋንቋችን ተንኮለኛ ነው፤ ሰው ዘመዱን ሊያይ ሲሄድ «ልጠይቀው» ብሎ ይሄዳል፣ ከዚያ ሻይ ጠጥቶ፣ ስለ አየሩ አውርቶ፣ አንድም ነገር ሳይጠይቅ ይመለሳል። እኔ ግን የምመጣው ልጠይቅሽ ነው። በር ላይ እንደቆምኩ፣ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ፦ ያን ቀን «አትሂጂ» ብልሽ ኖሮ ትቀሪ ነበር?

በደብዳቤ እንዳትመልሺልኝ። መልሱ ምንም ይሁን፣ ያን ዕለት አንቺ ዘንድ አድራለሁ።

ታናሽ እህትሽ